ቀጥ ብዬ የምቆምበት ቫን፦ የፍለጋና የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ቁመቴ 1.94 ሜትር ነው። ሥራዬ አናጺነት ነው። የወጥ ቤት ቁም ሣጥን፣ በርና መደርደሪያ ሠርቼ ሰው ቤት ወስጄ እገጥማለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት የሠራሁባት ቫን ጣሪያዋ ዝቅተኛ ነው። ዕቃ ለማውጣት ስገባ ወገቤን አጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው። ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ከመኪናው ወርጄ ቀጥ ለማለት በሩን መደገፍ ነበረብኝ። በቃ፣ ሌላ ቫን ልፈልግ ነው።

ከፍለጋው ጀምሮ ሥራ እስክጀምርበት ድረስ ያለውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ። እንደኔ ረጅም ለሆነ ባለሙያ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እኔ ስፈልግ ያገኘሁት ምክር በአብዛኛው ለመካከለኛ ቁመት የተጻፈ ነው።

ከመኪና በፊት ራሴን ለካሁ። በባዶ እግሬ 194 ሴንቲሜትር፣ በሥራ ጫማ 197። ወለል ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ተደግፌ እስከ አናቴ 101። ተቀምጬ ከመቀመጫዬ ጀርባ እስከ ጉልበቴ ጫፍ 67። ቆሜ እጄን ዝቅ አድርጌ ስጨብጥ፣ ከወለል እስከ ጭብጤ 84። ይህን የመጨረሻውን ለመደርደሪያ ከፍታ ይጠቅመኛል ብዬ ነው የያዝኩት።

ቀጥሎ የምጭነውን ለካሁ። ዋናው ነገር ፕላይውድ ነው። ሙሉ ጣውላው 1,220 በ2,440 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ወደ ላይ በሚወጡት የኋላ ጎማዎች ጉብታዎች መካከል ከ1,220 በላይ ክፍተት፣ በወለሉ ላይ ደግሞ ከ2,500 ያላነሰ ርዝመት ያስፈልገኛል። ረጃጅም እንጨት ስለምጭን 3 ሜትር ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

ቀን 2

ዛሬ አንድ ነገር ጀመርኩ። በአሮጌዋ ቫን ውስጥ ትንሽ ደብተር አንጠለጠልኩ። ውስጥ ቆሜ የማሳልፈውን ደቂቃ፣ መሪ ይዤ የማሳልፈውን ሰዓት፣ ከኋላ በር ቆሜ ዕቃ የማወጣበትን ጊዜ ብዛት እጽፋለሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲህ ልቀጥል። ወገቤን የሚጎዳው የቱ እንደሆነ በግምት መናገር አልፈልግም።

ቀን 4

ማታ ማታ የአምራቾችን የመረጃ ወረቀት እያነበብኩ ነው። ለረጅም ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የጣሪያ ቁመት ስለሆነ ከእሱ ጀመርኩ።

ፊያት ዱካቶ በሦስት የጣሪያ ቁመት ይመጣል። የዕቃ ክፍሉ የውስጥ ቁመት 1,662፣ 1,932 እና 2,172 ሚሊሜትር ነው። መካከለኛው ለብዙ ሰው በቂ ነው። ለኔ ግን ጫማ ሳደርግ 4 ሴንቲ ገደማ ይጎድለዋል። 4 ሴንቲ ትንሽ ይመስላል። ግን ለወገብ ትንሽ መጉበጥ የሚባል ነገር የለም። ወይ ቀጥ ትላለህ ወይ አትልም።

ፎርድ ትራንዚት ላይ ያየሁት ነገር ብዙ አስተማረኝ። ከፍተኛው ጣሪያ በኋላ ጎማ በሚነዳው ሞዴል ውስጡ 2,025 ሚሊሜትር ነው። በፊት ጎማ በሚነዳው 2,125 ይሆናል። ጣሪያው አንድ ነው፤ የሚለየው ወለሉ ነው። የኋላ ጎማ የሚነዳ ከሆነ ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሱት ካርዳኑና ዲፈረንሻሉ ከሥር ስለሚያልፉ ወለሉ 10 ሴንቲ ከፍ ይላል። የፊት ጎማ የሚነዳው ያንን 10 ሴንቲ ለአናቴ ይመልስልኛል። ከባድ ጣውላ ሳነሳም ያን ያህል ከፍ ማድረግ አይጠበቅብኝም። በሌላ በኩል ከኋላ ብዙ ክብደት ሲጫን የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፤ እርጥብ ዳገት ላይ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ጭቃና ዳገት የሚበዛበት ሰው የኋላውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። እኔ የምሠራው በአብዛኛው አስፋልት ባለበት ነው።

ቶዮታ ሃይስን ሳላነሳ አላልፍም። ከ1967 ጀምሮ የሚሠራ፣ በጥንካሬው የተመሰከረለት መኪና ነው። በ2004 የወጣው ትውልድ ግን ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። በዚህም ምክንያት ለዕቃ ብዙ ርዝመት ይተርፋል፤ ለእግር ግን አይተርፍም። ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ከውጪ 1,980 ሚሊሜትር ነው፤ ውስጡ ከ1.35 ሜትር አይበልጥም። ሃይሩፍ የሚባለው ከፍ ያለ ጣሪያ ያለውም ቢሆን ለኔ መቆሚያ አይሆንም። በ2019 የመጣው ትውልድ ሞተሩን ወደ ፊት አውጥቶ አፍንጫ ስለሠራ የእግር ነገር ተሻሽሏል። ቁመቱ መካከለኛ ለሆነ ባለሙያ ዓይኔን ሳላሽ ሃይስን እመክራለሁ። ለራሴ ግን ተውኩት።

ሌላው ማወቅ ያለብን ነገር፣ ብዙ ቫኖች በተለያየ ስም የሚሸጡ አንድ አካል ናቸው። የዱካቶ አካል በፔዦ ቦክሰርና በሲትሮየን ጃምፐር ስምም ይሸጣል። ከ2017 ጀምሮ ያለው ቮልስዋገን ክራፍተርና “ማን” የተባለው አምራች ቲጂኢም እንዲሁ መንትያ ናቸው። ያገለገለ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚፈልገውን በአንድ ስም ቢያጣው በሌላው ሊያገኘው ይችላል። መለዋወጫውም በብዛት ይጋራል።

የበሩ ነገር ደግሞ አለ። ረጅሙ ዱካቶ ውስጡ 2,172 ቢሆንም የኋላ በሩ 2,030 ነው። የጎን በሩ ግን 1,755 ብቻ ነው። መካከለኛውም ያው 1,755 ነው። ጣሪያው ሲያድግ የጎን በሩ አብሮት አላደገም። ስለዚህ የትኛውንም ብገዛ በጎን ስገባ ጎንበስ እላለሁ። ይህን አስቀድሜ ማወቄ ጥሩ ነው፤ ዕቃዬን እንዴት እንደምደረድር ይወስንልኛል።

የውጪ ቁመትም መታሰብ አለበት። ረጅሙ ዱካቶ ከመሬት እስከ ጣሪያ 2.76 ሜትር ይሆናል። ከመሬት በታች ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አይገባም። ማታ የማቆምበት ቦታ ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ለኔ ችግር አይደለም። ለሌላ ሰው ግን ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊዘጋው ይችላል።

ቀን 9

የደብተሩን ቁጥር ደመርኩ። ከጠበቅኩት በጣም የራቀ ነው።

በቀን በአማካይ ቫኑ ውስጥ ቆሜ የማሳልፈው 35 ደቂቃ ነው። መሪ ይዤ የምቀመጠው 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ከኋላ በር ውጪ ቆሜ ዕቃ የማወጣው ወይም የምመልሰው ደግሞ 31 ጊዜ።

እስከ ዛሬ ጣሪያ ጣሪያ ስል ነበር። ወገቤ ግን ከመቆሚያው ይልቅ አራት እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ የሚያሳልፈው ወንበሩ ላይ ነው። ጣሪያውን አልተውኩም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ቫን ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው የሾፌሩን በር ነው።

ቀን 12

ዛሬ የመጀመሪያውን መኪና አየሁ። የማያቸውን ያገለገሉ መኪኖች በፊደል እጠራቸዋለሁ እንጂ ስማቸውን አልጽፍም። የአንድ መኪና ጉዳት ከአያያዙ ሊመጣ ስለሚችል በስሙ ላይ መለጠፍ ልክ አይመስለኝም።

“ሀ” ጣሪያው ግሩም ነው። ውስጡ ገብቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ጣሪያውን ነካሁት። ልቤ ወዲያው ወደደው። ከዚያ ወደ ፊት ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄዷል፤ ግን ከጀርባው ያለው የብረት መለያ ግድግዳ አስቁሞታል። መደገፊያውም ወደ ኋላ አይተኛም። ግራ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ይነካል። ፍሪሲዮን ስረግጥ ጭኔ ከመሪው ሥር ይጫናል። ዓይኔ ደግሞ ከንፋስ መከላከያው መስታወት የላይኛው ጠርዝ ጋር እኩል ሆነ። መብራት ላይ ብቆም መብራቱን ለማየት አንገቴን መስበር አለብኝ። 40 ደቂቃ ተቀመጥኩበት። ሻጩ ታጋሽ ሰው ነበር፤ አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚህ በኋላ የወንበር ፍተሻዬ ይህን ይመስላል። የሥራ ጫማዬን አድርጌ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። ሦስቱንም ፔዳል እስከ ወለሉ እረግጣለሁ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዞራለሁ። መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደኔም እንደሚሳብ አያለሁ። ወንበሩን ወደ ኋላ ስገፋ እጄ ከመሪው የሚርቅ ከሆነ ትከሻዬን ከመደገፊያው አላቅቄ ነው የምነዳው፤ ያ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው። የራስ መደገፊያውን እስከ ላይ እስባለሁ። አንገቴ ላይ ከቀረ ከኋላ ብገጭ አንገቴን ሊሰብረው ይችላል፤ ቢያንስ የጆሮዬን የላይኛ ጫፍ መድረስ አለበት። ስፖኪዮዎቹን ሳልጎነበስ አያለሁ። በመጨረሻ እወርድና እወጣለሁ፣ አሥር ጊዜ። በቀን የምወርድና የምወጣው ከዚህ ስለሚበልጥ።

ቀን 15

ክብደት። ይህን አሰልቺ ሥራ ለብዙ ዓመት ሸሽቼዋለሁ። ዛሬ መሣሪያዎቼን በሙሉ አንድ በአንድ በሚዛን አስቀመጥኩ። የጠረጴዛ መጋዝ፣ ኮምፕረሰር፣ መሰርሰሪያዎች፣ ክላምፖች፣ የብሎንና የሚስማር ሣጥኖች፣ መሰላል። ድምሩ 612 ኪሎ ሆነ። እኔ 400 ብዬ ነበር የምገምተው።

የማስባቸው ቫኖች በአብዛኛው ከነጭነታቸው እስከ 3,500 ኪሎ የተፈቀደላቸው ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ከፍተኛ ክብደት ያ ስለሆነ አምራቾች ብዙ ቫን በዚያ ልክ ይሠራሉ። ባዶ ክብደቱን ከዚህ ሲቀንሱ የሚጫነው ይገኛል። አንድ የማያስተውሉት ነገር አለ። በአውሮፓ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የባዶ ክብደት 75 ኪሎ የሚመዝን ሾፌር አለው ተብሎ የተሰላ ነው። እኔ 98 ነኝ። ረጅም ሰው ገና ሲቀመጥ ከጭነቱ ላይ 20 ምናምን ኪሎ ይበላል።

ስሌቴ ይህ ነው። መሣሪያ 612፣ ወለልና መደርደሪያ 140፣ አንድ ሙሉ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን 350፣ ረዳቴ 70፣ የኔ ትርፍ 23። ድምሩ 1,195። ስለዚህ ከ1,300 ኪሎ በታች የሚጭን አልፈልግም። ጣሪያ ሲረዝምና አካል ሲረዝም ባዶ ክብደቱ ይጨምራል፤ የሚጫነው ይቀንሳል። “ትልቁን ውሰድ፣ ትገላገላለህ” የሚሉኝን የማልሰማው ለዚህ ነው። መካከለኛ ርዝመት፣ ከፍተኛ ጣሪያ። ልኬን አገኘሁ።

ቀን 16

አንድ ወዳጄ ኤሌክትሪክ ለምን አትገዛም አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለምሳሌ የፎርድ ኤሌክትሪክ ቫን፣ ኢ-ትራንዚት፣ ከ2022 ጀምሮ አለ፤ የመጀመሪያው ባትሪ ጥቅም ላይ የሚውለው 68 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንደኔ በቀን አጭር መንገድ ደጋግሞ ለሚሄድ ሰው በጣም ይመቻል። ግን ማታ የማቆምበት ቦታ ኃይል መሙያ የለም። ባትሪውም ከሚጫነው ላይ ይቀንሳል። ለአሁኑ አለፍኩት።

ቀን 19

“ለ” ልቤን ሰርቆት ነበር። ወንበሩ በልኬ የተሰፋ ይመስላል። ውስጡ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ። ሞተሩ ስነካው ግን ሞቃት ነው። ሻጩ ገና ሳልደርስ አስነስቶታል። “ነገ ጠዋት ሳይነሳ እንድጠብቀው ይፈቀድልኛል?” አልኩት። እሺ አለኝ።

ቀን 20

ዛሬ ጠዋት አንድ የማከብራቸውን አሮጌ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዲዝል ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ቁልፉን ሳዞር ረጅም ጊዜ ተንጠራራ፤ ከተነሳ በኋላ ነጭ ጭስ ለብዙ ደቂቃ አልጠፋም። ጋሼ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው እጃቸውን በላዩ ያዙ። ከውስጥ ጭስ እየገፋ ይወጣል። “ይኼ ደክሟል፣ ልጄ” አሉኝ። “ወንበሩን ነው የገዛኸው?” ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። አንድ ነገር ሲስማማን ሌላውን ማየት እንተዋለን።

መንገድ ላይ ብዙ አስረዱኝ። ልጻፈው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያናብበው ቺንጋ፣ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ በብዙ ዲዝሎች ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ወዲያው መቀየር። ኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን ዕድሜም ይቆጠራል። በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት ያለው ሆኖ “ካቴና ነው፣ አይቀየርም” የሚል ሻጭ ካለ ደግሞ ጠዋት ሲነሳ የመንገጫገጭ ድምፅ እንዳለ ማዳመጥ። ዘይት በሰዓቱ ያልተቀየረለት ካቴና ይለጠጣል። ዘይት ውስጥ የሚሽከረከር ቺንጋ ያላቸው ሞተሮችም አሉ። በእነዚህ ላይ ትክክለኛው ዘይት ካልገባ ቺንጋው ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ስለዚህ ዘይቱ መቼ ብቻ ሳይሆን የትኛው ዓይነት እንደገባ ይጠየቃል።

የጭስ ማጣሪያውም እንደዚሁ። በአዳዲስ ዲዝሎች ላይ ያለው ማጣሪያ ጥቀርሻውን የሚያቃጥለው ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ነው። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና እዚያ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ማጣሪያው ይደፈናል። የኔ መንገድ አጭር ነው። ጋሼ የመከሩኝ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል በሰፊ መንገድ ሳላቋርጥ እንድነዳው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨት ለመጫን ወደ ሩቅ ስለምሄድ ይገጣጠምልኛል።

ቀን 24

“ሐ” ጣሪያው ያፈስሳል። ከውጪ ምንም አይታይም። እኔ ግን የውስጥ ጣሪያው ላይ የተመታውን ስስ ጣውላ ጥግ በጣቴ ጫን ሳደርገው ለሰለሰ። እንጨት ሲበሰብስ አውቀዋለሁ። በከፍተኛ ጣሪያ ቫኖች ላይ ከላይ ያለውን የብረት ስፌት መሰላል ይዞ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ማንም ከመሬት ቆሞ ስለማያየው ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

“መ” ጭነቱን የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራው ተጋድሟል። ዕድሜውን ሙሉ ከልኩ በላይ ተጭኗል። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም።

ቀን 31

“ሠ”።

የፊት ጎማ የሚነዳ፣ መካከለኛ ርዝመት፣ ከፍተኛ ጣሪያ። 164,000 ኪሎሜትር ሄዷል። አንድ ባለቤት ብቻ ነው የነዳው። እሱም ዘይት የቀየረበትን ወረቀት በሙሉ በማኅደር አስሮ አስቀምጧል። የቺንጋው ወረቀት ግን የለም። ሰውየው አልደበቀም፤ “አልቀየርኩም” አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ እምነት ይሰጠኛል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጠበቀን። ወዲያው ተነሳ። ጋሼ ከሥር ገቡ። የበሩ ሥር፣ የጎማ ቤቶቹ ዙሪያና የንፋስ መከላከያው መስታወት የላይኛ ጠርዝ ላይ ዝገት ፈለጉ። ላይ ላዩን ትንሽ አለ፤ የበላው ቦታ የለም። የጎን ተንሸራታች በሩን ሃያ ጊዜ ከፈትኩና ዘጋሁ። ሮለሩ ጤነኛ ነው። በየቀኑ ስንት ጊዜ የሚከፈት በር ነውና ይህን ማንም መናቅ የለበትም።

ውስጡን በሜትሬ ለካሁ። ከወለሉ እስከ ጣሪያው 2.16 ነው፤ ግን የጣሪያው ወራጆች፣ አግዳሚ ብረቶቹ፣ ወደ ታች ወጥተዋል። ከወለል እስከ ወራጁ ሥር 2.11። አናቴን የሚመታው ወራጁ ስለሆነ የኔ ቁጥር 2.11 ነው። በጎማ ጉብታዎቹ መካከል ፕላይውዴ በሰላም ያልፋል። በወረቀቱ ላይ ባዶ ክብደቱ 2,150 ስለሆነ 1,350 ይጭናል።

ወንበሩስ? እዚህ ላይ አሰብኩ። ከፍታው ጥሩ ነው፤ ዝቅ ማለት ስለሚችል መብራት ይታየኛል። መሪው ወደኔ ይሳባል። ግን እንደ “ሀ” መለያው ግድግዳ ወንበሩን ያግደዋል። ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ባይነካም ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ከወንበሩ ሥር ገብቼ ሃዲዱን አየሁ። ሃዲዱ ገና 8 ሴንቲ ይቀረዋል። ያስቆመው ግድግዳው ብቻ ነው። ግድግዳውን የያዙት ደግሞ ብሎኖች ናቸው፤ አልተበየደም።

ገዛሁት።

ቀን 33

ጋሼ ጋ አደረ። ቺንጋው ከነሮለሩና ከውኃ ፓምፑ ተቀየረ። የሞተር ዘይት፣ የአየርና የነዳጅ ማጣሪያ፣ የፍሬን ዘይት። የድሮውን ቺንጋ አምጥተው አሳዩኝ። ጀርባው ላይ ስስ ስስ ስንጥቅ ሞልቶታል። ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

ቀን 36

የመለያው ግድግዳ ሥራ። ጨርሶ ላወጣው አላሰብኩም። ድንገት ፍሬን ብይዝ ያ ሁሉ ጣውላ በጀርባዬ ነው የሚመጣው። የፈለግኩት ከወንበሩ በስተጀርባ ወደ ዕቃ ክፍሉ የተጎበጠ ግድግዳ ነው። ለዚሁ አካል ተብሎ የተሠራ እንዲህ ዓይነት አለ። ያገለገለ አንድ አገኘሁ።

አሥራ አራት ብሎን ነው። ሁለቱ ዝገው እምቢ አሉ፤ ዘይት ረጭቼ አሳደርኳቸው። ዛሬ ጠዋት ወጡ። አዲሱ በነበሩት ቀዳዳዎች ላይ ልክ ገባ። ወንበሩ 8 ሴንቲ ወደ ኋላ ሄደ፤ መደገፊያውም ትንሽ ተኛ። ተቀምጬ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። እግሬ ተዘረጋ። እንዲህ ተዘርግቶ ነድቼ አላውቅም።

የወንበሩን እግር ቆርጦ ማሳጠር ወይም ሃዲዱን በብየዳ ማርዘም የሚመክሩ አሉ። እኔ አልነካሁትም። ቀበቶውም ኤርባጉም የተሰላው ወንበሩ በፋብሪካው ቦታ ላይ እንዳለ ነው።

ቀን 40 እስከ 43

ወለልና ጣሪያ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ሚሊሜትር ከቁመቴ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ወለሉ ላይ 12 ሚሊሜትር ፕላይውድ አነጠፍኩ። 18 ቢሆን ይጠነክራል፤ ግን ይከብዳል፣ ከፍም ይላል። ጣሪያው ላይ የሙቀት መከላከያውን ከወራጆቹ ሥር ሳይሆን በወራጆቹ መካከል ወሸቅኩት። ብዙዎች ከሥር ቀጭን እንጨት መትተው በላዩ ጣውላ ስለሚደርቡ 4 እና 5 ሴንቲ ያጣሉ። እኔ ወራጁ ላይ በቀጥታ 4 ሚሊሜትር ስስ ጣውላ መታሁ። መብራቶቹንም ወደ ጎን፣ ግድግዳው ጥግ ላይ አደረግኳቸው እንጂ መሃል ላይ አላንጠለጠልኩም። የቀረኝ 2.09 ነው። በጫማዬ 1.97 ነኝ። ኮፍያ ባደርግም ይተርፈኛል።

ቀን 47

መደርደሪያው ላይ አራት ቀን አሰብኩ። ምክንያቱም ሁለት ሐሳብ ይጋጫሉ። መኪናው እንዳይወዛወዝ ከባዱ ዕቃ ከታች መሆን አለበት። ወገቤ እንዳይጎዳ ደግሞ ከባዱ ዕቃ ከታች መሆን የለበትም። ረጅም ሰው ከወለል መጋዝ ሲያነሳ የሚሄደው ርቀት ከሌላው ይበልጣል።

መልሱን የሰጠኝ ደብተሩ ነው። በቀን 31 ጊዜ ዕቃ የማወጣው ከውጪ፣ ከኋላ በር ቆሜ ነበር። ውጪ ስቆም ደግሞ የቫኑ ወለል ከመሬት 58 ሴንቲ ላይ ነው። ከወለሉ 26 ሴንቲ ከፍ ብሎ የሚሳብ መሳቢያ ብሠራ እጀታው ከመሬት 84 ላይ ይውላል። 84 የጭብጤ ቁመት ነው። ስለዚህ ከባዱ መሣሪያ ለመኪናው ከታች ነው፤ ለኔ ደግሞ ቆሜ ሳልጎነበስ የማነሳው ነው።

ሁለት ረጃጅም መሳቢያ ሠራሁ፣ እያንዳንዱ 1.40 ሜትር። የሚሄዱበት ሃዲድ 150 ኪሎ የሚችል ነው። መጋዙና ኮምፕረሰሩ በግራ፣ መሰርሰሪያዎቹና ክላምፖቹ በቀኝ። ሲነዳ እንዳይሳቡ እያንዳንዳቸው መቆለፊያ አላቸው። ፕላይውዱ በግራ ግድግዳ ላይ በጠርዙ ቆሞ በማሰሪያ ይታሰራል። የጎን በሩ አጠገብ በየቀኑ የማልፈልጋቸውን ዕቃዎች ብቻ አደረግኩ፣ በዚያ በኩል ጎንበስ ማለት ስላለብኝ።

ቀን 50

የመኪና ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ መሣሪያ፣ እኔ። 2,960 ኪሎ። ያሰላሁት 2,925 ነበር፤ 35 ኪሎ ተሳስቻለሁ። መሳቢያዎቹ ከገመትኩት ከብደዋል። ቁም ሣጥኑና ረዳቴ ሲጨመሩ 3,380 ይሆናል። ከ3,500 በታች ነን። የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አድርጌ ለየብቻም አስመዘንኩ፤ ከተፈቀደው አላለፈም። የጎማውን ንፋስ በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ለሙሉ ጭነት በተጻፈው ልክ አስሞላሁ።

ቀን 66

ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ሰፊ መንገድ ላይ ንፋስ በጎን ሲመታው ይገፋል፤ ጣሪያው ሸራ ሆኖበታል። በሰዓት 90 ላይ ስሄድ ይረጋጋል፣ ስለዚህ በዚያው እሄዳለሁ። ከአሮጌዋ ትንሽ የበለጠ ነዳጅ ይጠጣል። ጠዋት ላይ ሳልሰማው ይነሳል።

ዛሬ ዝናብ ነበር። የደንበኛው ግቢ ውስጥ የምሠራበት ቦታ አልነበረም። የኋላ በሩን ከፍቼ ውስጥ ገባሁና መሳቢያውን እንደ ጠረጴዛ ተጠቅሜ የአንድ በር ማጠፊያ በመሮ አስተካከልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ስጨርስ እጄን ወደ ወገቤ ልኬ ጠበቅኩ። ሕመም የለም።

ረዳቴ ግን ከኋላዬ ገብቶ የሲሊኮኑን ቱቦ ለማውረድ በጣቶቹ ቆመ፤ አልደረሰም። ቁመቱ 1.68 ነው። የላይኛውን መደርደሪያ በራሴ ልክ ነበር የመታሁት። “ጋሼ፣ ባልዲ ላይ ልውጣ?” አለኝ። አይሆንም፣ እርጥብ ወለል ላይ ባልዲ አይወጣም። በሜትር ለካን። 14 ሴንቲ ቢወርድ እሱ ይደርሳል፤ እኔም ሳልጎነበስ አየዋለሁ። ብሎኖቹን ዛሬ ማታ አዘጋጅቻለሁ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ሳንጀምር እናወርደዋለን።